ቂጣ የያዘው ቁራ

ንጉሡ የሚባለውን ፎቶ አንሺ ገና ከመኪና ሲወርድ ጠላሁት። ምንም አላደረገኝም። መካነ ሰላም የገባው የርዳታ ዱቄት በጫነ መኪና ላይ፣ ከከረጢቶቹ መሃል ተቀምጦ ነው። ሕዝቡ ከረጢት ከረጢቱን ሲያይ እሱ ሦስት ሣጥኖቹን አቅፎ «ቀስ በሉ፣ መስታወት አለበት» ይላል። ካፖርቱ፣ ጢሙ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ነበር። አጠገቤ የቆመች ሴት «ይኼን ሰውዬ ቢያራግፉት ለአንድ ቤት እራት ይበቃል» አለች። ሰማትና ሳቀ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ በአገራችን ከጠፋ ከርሞ ነበር።

ጊዜው ጥር 1970 ነው። ከስድሳ ስድስቱ ረሃብ የተረፍነው ሰዎች በቅጡ ሳንጠግብ ዝናቡ እንደገና ቀርቶብናል። አባቴ በስድሳ ስድስት ሞቷል። ቁርኣን አስቀሪ ነበር። ከእሱ በኋላ የቀረነው እናቴ ዓሊማ፣ ታላቅ ወንድሜ ከማሉዲን፣ እኔ አብዱልጀሊልና ከብቶቹ ያለቁበት አንድ በረት ነን። እኔ ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያነክሳል። ለሚሊሺያ ከየቤቱ አንድ ወንድ ሲጠየቅ በእግሬ ምክንያት እኔ ቀረሁ፣ ከማል ሄደ። ወረኢሉ ላይ መኪናው ጎማ ሊቀይር ሲቆም ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሆኖ ወረደና ጠፋ።

ከአሥር ቀን በኋላ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ውስጥ እንጨት ስለቅም በስሜ ጠራኝ። መጀመሪያ አላወቅሁትም ነበር። ከገደሉ ሥር ያለ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይኖር ጀመር። እኔም በየቅዳሜው እንጨት ለመልቀም እንደምሄድ ሆኜ እናቴ ከርዳታው ዱቄት የጋገረችውን ሰባት ቂጣ ኮሶ ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ጭኜበት እመለሳለሁ። ለቀን አንድ ቂጣ ነው። እናቴ ለራሷ ምን እንደምትበላ አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም። አንድ የጨው ነጋዴ በየካቲት መጀመሪያ ዓባይን አሻግሮ ጎጃም ሊያደርስልን ቃል ሰጥቶ ነበር። እስከዚያ ሦስት ሳምንት ይቀራል። ሦስት ሳምንት ማንም ካላየው ይተርፋል። ከተያዘ ግን የከዳ ሚሊሺያ ምን እንደሚደረግ በኅዳር ወር ገበያው ላይ ሁላችንም ቆመን እንድናይ ተደርገን አይተናል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ውበቱ ነበር። ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ቤታችንን አስፈትሿል። ንጉሡ በመጣ ማግስት አስጠራኝ።

«ጫካውን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ዕድሜህን እንጨት ስትሰርቅበት ነው የኖርከው።»

«የወደቀውን ነው የምለቅመው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የወደቀም የመንግሥት ነው። ይኼ ሰው ለዘመን መቁጠሪያ የሚሆን የአውሬና የወፍ ፎቶ እንዲያነሳ ደብዳቤ ይዞ መጥቷል። አንተ ትመራዋለህ። ባዶ በረትም አላችሁ አሉ፤ እዚያ ያድራል።» ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞረ። «አንተም ስምህን ብትቀይር ይሻልሃል። ንጉሥ ካወረድን አራተኛ ዓመታችን ነው።»

«እናቴን ጠይቄ» አለ ንጉሡ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጥበቃዎች ሳቁ። ውበቱ አልሳቀም። «አንድም ፎቶ እኔ ሳላየው ከዚህ ከተማ አይወጣም» አለው። «ወረቀቱንም፣ ፊልሙንም።»

እንዲህ ሆኖ ወንድሜን የደበቅሁበት ጫካ ውስጥ ሩቅ የሚያይ መሣሪያ የያዘ ሰው እየመራሁ እንድገባ ታዘዝኩ። እምቢ ብል ለምን እምቢ አልክ ይመጣል። ከማል ያለው በምዕራቡ በኩል፣ ከቀዩ ገደል ሥር ነው። እኔ ንጉሡን በምሥራቁ በኩል ወሰድኩት። በመካከሉ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ይበቃል ብዬ ነበር።

አራት ቀን አብረን ዋልን። ከአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ጎጆ የምታህል መሸሸጊያ ሠራና ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ውስጧ ተቀመጥን። ውርጩ አጥንት ይሰብራል። እሱ ግን ወሬው አያልቅበትም። ከምጽዋ በታች፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ለወፎች ብቻ የተከለለ ስፍራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነሳ እንደኖረ ነገረኝ። ሰማዩን የሚሸፍኑ ነጫጭ ወፎች፣ ዓሣ በአፋቸው ይዘው ከማዕበሉ ላይ የሚነሱ። አሁን ጦርነት ነውና መመለስ አልቻለም። ይኼን ሲናገር ድምፁ እንደ ሐዘንተኛ ይሆናል። ለወፍ።

«የባሕሩ ወፎች ፊልም አንድ ጥቅል አብሮኝ አለ» አለኝ። «ከእኔ አይለይም።»

«እዚያ ሰው የለም እንዴ?»

«አለ። ምን ነው?»

«ስለ ሰዎቹ አልነገርከኝማ።»

የመሣሪያውን መስታወት ወለወለ። ከዚያ «እነዚህ ቁራዎች ምንድን ነው የሚበሉት?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኔ ቁርሴን ሳልበላ የእነሱን በምን ልወቅ።»

ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ከሁለት ከፈለና ግማሹን ሰጠኝ። በላሁ። ብስኩቱን ስለበላሁም ይበልጥ ጠላሁት።

ማስታወሻ ደብተር ነበረው። ወፍ ባየ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይጽፋል። «ወፍ ልማደኛ ነው» ይለኝ ነበር። «ከየት እንደሚመጣ ካወቅህ እሱ ራሱ ይመጣልሃል። ሰው ነው ዝም ብሎ የሚባዝነው።» እኔ ያን ጊዜ ማንበብ አላውቅም። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጎኔ ሲጽፍ አየዋለሁ እንጂ ምን እንደሚጽፍ አላውቅም ነበር። ፊደል የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ፣ ብቻዬን ነው።

ጭላዳ አነሳ፣ ቀይ ቀበሮ አነሳ። ከሁሉ ግን ልቡ የተሰቀለው አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የደጋ ቁራ ላይ ነው። «ይኼ ከአገራችን በቀር ዓለም ላይ የለም» አለኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሸለቆው ማዶ መጥቶ ከፊታችን ካለች ሾጣጣ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ለእኔ ዓይን ጥቁር ነጥብ ነው። እሱ ግን ክንድ በሚያህል መስታወት ነበር የሚያየው።

በአምስተኛው ቀን በረታችን ውስጥ ገብቶ መስኮቱን በጆንያ ደፈነ። ውሃ እኔ ነኝ የማመላልሰው። ከበሩ ወዲያ ግን አያሳልፈኝም። «ብርሃን ከገባ ሁሉም ነገር ይጠፋል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ በሩን ሲከፍት ገመድ ላይ እንደ ቋንጣ የተሰቀለ ነገር አየሁ። በአንደኛው ገመድ ከሲጋራ ፓኮ የማይበልጡ ፎቶዎች ተንጠልጥለዋል። በሌላው ረጃጅም፣ ጭስ የሚመስሉ ጥቅሎች አሉ። ጥቅሎቹን በብርሃን አየኋቸው። ጥቁር ሰማይ ላይ ነጫጭ ወፎች ናቸው። አንደኛው በአፉ ጥቁር ነገር ይዟል። የባሕሩ ወፎች ናቸው፣ ዓሣ መያዛቸው ነው ብዬ አለፍኳቸው።

ከዚያ ወረቀቶቹን ማየት ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ የያዝኩትን ውሃ መሬት አስቀመጥኩ። ቁራው ድንጋዩ ላይ ቆሟል። በአፉ ቂጣ ይዟል። ቁራሽ ነው፤ ግን ጠርዙ ላይ የሦስት ጣት ጉድጓድ ይታያል። እናቴ ቂጣ ስታጠፈጥፍ ጠርዙን በሦስት ጣቷ ትጫነዋለች።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አባታችን በሕይወት ሳለ ምንም ነገር ከመብላቱ በፊት የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርሶ ለወፍ ይወረውር ነበር። «እነሱም ሪዝቃቸውን፣ የዕለት ድርሻቸውን፣ ከአላህ ነው የሚጠብቁ» ይላል። እኔ በስድሳ ስድስት ተውኩት። ከማል አልተወም። እኔ ቂጣውን ኮሶ ዛፍ ሥር ስደብቅ፣ ያለፍኩበትን ዱካ በቅጠል ስጠርግ፣ እሱ ዋሻው በር ላይ ተቀምጦ በየጠዋቱ ቢስሚላህ ብሎ ለቁራ ይቆርሳል። ረሃብ ያመነመነው ሰው፣ ከቀን አንድ ቂጣ ላይ። ቁራውም ሪዝቁን አንጠልጥሎ ሸለቆውን ተሻግሮ መሣሪያው ፊት ለፊት ያርፋል።

ንጉሡ ከኋላዬ መጥቶ ፎቶውን አየ። «ይኼኛውን አበላሸብኝ» አለ። «የት አባቱ ሄዶ ነው ቂጣ ያመጣው? የዱር ወፍ የሰው እንጀራ ይዞ። እንዲህ ያለውን ማንም አይፈልገውም።» ከገመዱ አውርዶ ለሚጣሉት ብሎ ከለያቸው ላይ ወረወረው። «ቁራውን አሥራ ሁለት ጊዜ አንስቼ የማይረባው እሱ አንዱ ነው።»

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ። ወይም ብናገር ኖሮ። እሱ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ፎቶውን ብብቴ ሥር አደረግሁት፤ ቤት ገብቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

እናቴ አየችኝ። «ምንድን ነው የምታቃጥለው?»

ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። «አሁኑኑ ሂድ። ከዚያ ዋሻ ይውጣ።»

«ምን ልሁን ብዬ ልሂድ? ሐሙስ ነው። በሐሙስ እንጨት ሄጄ አላውቅም። ውበቱ በር ላይ ሰው አስቀምጧል።»

«ሂድ አልኩህ እኮ፣ ጀሊል።»

«ተቃጠለ እኮ። ያላየውን ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ስሄድ ቂጣ እንዳይወረውር እነግረዋለሁ፤ አለቀ።»

እናቴ ዱላዬን ከጥግ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። መልሼ አስቀመጥኩት። እግሬ አሞኝ ነበር። አራት ቀን ብርድ ላይ ተቀምጦ መዋል እግሬን ገድሎታል። ይኼን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ወረቀቱ ከተቃጠለ ነገሩም የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ሥዕል ወረቀቱ ላይ ነው ያለው፤ ሌላ የት ሊኖር ይችላል? እናቴ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ውበቱ ፎቶዎቹን ለማየት ቀበሌ አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ደረደራቸው። የማይረቡትንም ጭምር። አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ ከጥቅሎቹ አንዱን አነሳና ክፍሎቹን በጣቱ እየነካ እሱንም ቆጠረ።

«እዚህ ላይ አሥራ ሁለት ነው» አለ። «ከዚህ የወጣው ወረቀት አሥራ አንድ ነው። አንዱ የት ሄደ?»

ንጉሡ ወረቀቶቹን አገላበጠ። «አንዱ የተበላሸ ነበር። ከሚጣሉት ጋር... እዚህ መኖር ነበረበት።»

«መኖር ነበረበት» አለ ውበቱ። «ምን ነበር ያለበት? ድልድይ ነው? ካምፕ ነው?»

«ኧረ ቁራ ነው፣ ጓድ።»

«ቁራ ከሆነ ምን አስደበቀህ?»

የንጉሡ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያ ሳቂታ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። በዚያ ዓመት ለማነው የምትሰልለው ከተባሉ በኋላ የተመለሱ ሰዎች ብዙ አልነበሩም። እኔን አየ። ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ ጥቅሉን ከውበቱ እጅ ወስዶ ወደ መስኮቱ አስጠጋና «ይኸው» አለ። «ይቺ ናት። እዚህ ላይ ጥቁር የሆነው ነጭ ነው፤ ነጭ የሆነው ጥቁር ነው። ወረቀቱ ቢጠፋም እናቱ ይቺ ናት፤ በፈለጋችሁት ጊዜ መልሼ ላወጣው እችላለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የባሕር ወፍ አልነበረም። ነጩ ወፍ ቁራችን ነበር። ጥቁሩ ዓሣ የእናቴ ቂጣ።

«አውጣው» አለ ውበቱ። «ሁለት ሰዎች አብረውት ይሂዱ። አንተ ግን እዚሁ ትቆያለህ» አለኝ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ውበቱ ብርቱካን እየላጠ ሲበላ አስታውሳለሁ፤ ብርቱካን ከየት እንዳገኘ አላውቅም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ንጉሡ እርጥብ ፎቶ በመዳፉ ይዞ ተመለሰ። በማጉያ መስታወት አዩት፤ ተቀባበሉት።

«ይኼ ቂጣ ነው» አለ አንደኛው ጥበቃ።

«ቁራ መጋገር ጀመረ እንዴ?»

«ለኤልያስ እየወሰደለት ይሆናል።»

«ኤልያስ የት ቀበሌ ነው የተመዘገበው?» አለ ውበቱ፤ ሳቁ። እሱም በዚህኛው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ንጉሡ ዞረ። «ሰው የሚላስ የሚቀመስ ባጣበት አገር ቁራ ነጭ ቂጣ ይዞ ይዞራል። ይኼ ዱቄት እኛ ያደልነው ነው። ቁራው ከየት ነበር የሚመጣው?»

ንጉሡ ደብተሩን አወጣ። ያ ደብተር። ገጹን ሲያገላብጥ ላቋርጠው አፌን ከፈትኩ። «ወፍ ከየት ቢመጣ ምን ይታወቃል» አልኩ። «ከገበያ ያነሳው ይሆናል።»

«ከገበያ አይደለም» አለ ንጉሡ። አላየኝም። ጣቱ ጽሑፉ ላይ ነበር። «አራቱንም ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከምዕራብ ነው የመጣው። ከቀዩ ገደል ሥር፣ ነጭ ጭረት ካለበት።» ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነበር የተናገረው።

ውበቱ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «በምሥራቅ በኩል ለምን ወሰድከው?»

«ለመሄድ የሚቀለው እሱ ነው። እግሬን ታውቀዋለህ።»

«አዎ፣ እግርህን አውቀዋለሁ» አለ። «ለዚህም ነው የማንወስድህ።»

ስድስት ጠመንጃ ይዘው ወጡ። ንጉሡን ገደሉን እንዲያሳያቸው ወሰዱት። እኔን ከመጋዘኑ ውስጥ፣ ከርዳታው ከረጢቶች ጋር ቆለፉብኝ። ጭንቅላቴን ዱቄት ላይ አድርጌ ዱዓ አደረግሁ። ምን ብዬ እንደለመንኩ አሁን ይቆጠቁጠኛል። ከማል ዛሬ ጠምቶት ውሃ ፍለጋ ወርዶ እንዲሆን ለመንኩ፣ እሺ። ቀጥዬ ግን ቢያገኙት ለምን ደበቅክ ብለው እኔን እንዳይገድሉኝ ለመንኩ። በሁለቱ መካከል ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።

እናቴ ጥበቃዎቹ ንጉሡን ይዘው በረቱ ውስጥ ሲገቡ ቤት ነበረች። ምንም አልጠየቀችም። ገንቦዋን አዝላ ውሃ የምትቀዳ መስላ ወጣች፤ ከምንጩ አልፋ ወደ ጫካው ሄደች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ ድርሻዋን ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። በየመሃሉ እየተቀመጠች እያረፈች ከጫካው አፍ ስትደርስ ተኩስ ሰማች። ሦስት ጊዜ። ይኼን ለጎረቤታችን ለፈንታዬ ነው የነገረቻት፤ ለእኔ አይደለም።

ማታ ውበቱ «ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል» ብሎ ከመጋዘኑ ለቀቀኝ። ከማልን በቃሬዛ አምጥተው በራችን ላይ አስቀመጡት። ጀርባው ላይ ነው የተመታው። ውበቱ ሰው በተሰበሰበበት «የከሃዲ ለቅሶ የለም» አለ። «ቅበሩት፤ ድምፅ የሰማሁበትን ቤት ግን ከርዳታው እሰርዘዋለሁ።» አጥበን ከፈንነው። ስንሰግድበት ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ። ፈንታዬ ክርስቲያን ናት፤ እሷ ብቻ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ይለቀሳል፣ ስሙ ይጠራል፣ ቁመናው ይወሳል። ለከማል ማንም አላወሳለትም። ቁመተ ረጅም ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሱረቱ ያሲንን ከእኔ አሳምሮ ይቀራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ሣጥኖቹን ሊወስድ በረቱ ጋ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ወንድምህ መሆኑን አላወቅሁም» አለኝ።

ከበሩ ፈቀቅ አልኩ።

«ፎቶውን አንተ ነህ የወሰድከው አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ።»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

የተላጨ አገጩን ዳበሰ። «ፊልሙ ላይ እሷን ብቻ በምላጭ እጭራት ነበር» አለ። «ከፋብሪካው ተበላሽታ መጣች ብል ማን ያውቃል? ሁልጊዜ ያጋጥማል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፣ አብዱልጀሊል። አራት ቀን አብረን ተቀመጥን እኮ።»

«ውሸትህን ነው» አልኩት።

አልተከራከረኝም። ሣጥኖቹን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ብቻውን ወደ መንገዱ አወጣ፤ አላገዝኩትም። የጭነት መኪናው ሲመጣ ባዶው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ዘመን መቁጠሪያው ታትሞ ይሁን አይሁን አላውቅም።

እናቴ እስክትሞት ሰባት ዓመት አብረን ኖርን። ዱላዬን መልሼ ካስቀመጥኩበት ጥግ ደግማ አልነካችውም። እኔ ደግሞ ንጉሡ ዋሽቷል እላለሁ። ከፍርሃቱ የተነሳ እናቱንም አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነበር እላለሁ፤ አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ በዚያው ቀን ወደ ውበቱ ይሮጥ ነበር እላለሁ። በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የምለው። ውሸቱን መሆን አለበት። እውነቱን ከሆነ ከማልን ያስገደለው እሱ አይደለማ።